የጉማሬ ባንድ የመጨረሻ ልምምድ

ያቤጽ ዳንጊሶ በጀርባው ተዘርሯል። የማይክ ማቆሚያው ከራስጌው ወድቋል፤ ከባዱ ክብ የብረት መቀመጫ ጠርዙ ላይ ፀጉርና ደም ደርቆበታል። የራስ ቅሉ ከቀኝ ጆሮው በላይ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ከዚያ የከፋው ግን አፉ ነበር። ከንፈሩ ተተርትሮ፣ የፊት ጥርሶቹ ከድዳቸው ተነቅለው ገሚሱ ምላሱ ላይ፣ ገሚሱ ወለሉ ላይ ተበትኗል።

ሳጅን ካሳሁን አንድ ጊዜ አየና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ዋና ኢንስፔክተር ደብሪቱ ጉልላት ግን ተንበርክካ ሬሳው ላይ አጎነበሰች። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ነርስ ነበረች፤ ዛሬም ቁስል ሲያጋጥማት መጀመሪያ የምታየው ደሙ የሄደበትን መንገድ ነው።

«የጭንቅላቱ ደም እስከ ግድግዳው ድረስ ወርዷል» አለች። «የአፉ ደምስ የት ሄደ?»

«አፉማ ደም በደም ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«ተለቅልቋል እንጂ አልፈሰሰም» አለችና ተነሳች።

ክፍሉ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ከሱቆች ጀርባ ያለ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። ቆርቆሮው የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ ውስጡን እንደ ምድጃ አግሎታል፤ በዚህ ሙቀት የትኛውም ሐኪም የሞተበትን ሰዓት በእርግጠኝነት እንደማይነግራት ታውቃለች። ድራሙ በቦታው ነው። ቤዝ ጊታሩ ግድግዳ ተደግፏል። በጥቁር ቦርሳው ያለ ሌላ ጊታር ከድምፅ ማጉያው፣ ከአምፕሊፋየሩ ጎን ተቀምጧል። የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት በርቷል፤ ከአንዱም ጊታር ጋር ግን አልተገናኘም። ከጀርባው የወጣ አንድ ቀጭን ገመድ ብቻ፣ ስልክ ላይ የሚሰካው ዓይነት፣ ጫፉ ምንም ሳይዝ ወለሉ ላይ ተንጋሏል። የሟቹ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነው።

ሬሳውን ያገኙት ሁለት የባንዱ ሰዎች ደጅ ነበሩ። ድራመሩ አብዱልፈታህ፣ ትከሻው በሩን የሚያክል ሰው፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ያስመልሰዋል። ጊታር ተጫዋቹ ኩማ ደግሞ በለሆሳስ እያለቀሰ ውሃ ያቀብለዋል። ሁለቱም ከቀትር በኋላ ሐይቁ ዳር ሆነው የእሁዱን ኮንሰርት መድረክ ሲያዩ ቆይተው ለልምምድ ገና መምጣታቸው ነው።

«በሩን ከፍተን ገባን። ኩማ ፖሊስ ጥራ ሲለኝ ሮጥኩ» አለ አብዱልፈታህ።

«እሱስ?»

«አጠገቡ ቆየ። ብቻውን አንተወውም አለኝ።»

ካሳሁን የሁለቱንም ኪስ ፈተሸ፤ ምንም የለም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ እንዳለ ታሸገ።

ጉማሬ ባንድን ሐዋሳ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ያቤጽ በወጣትነቱ ሻሸመኔ አንድ ሽማግሌ ጃማይካዊ ቤት ስካ የሚባለውን የድሮ ሙዚቃ ሰምቶ መጣ፤ ጊታሩ ከምቱ ጋር ሳይሆን በምቶቹ መሃል እየገባ የሚኮረኩርበትን፣ ትራምፔቱ ከላይ ሆኖ የሚፎክርበትን፣ ሽማግሌን የሚያዘልል ሙዚቃ። ጓደኞቹን ሰበሰበ። ኩማ ጊታር፣ እጮኛው ሮሆቦት ቤዝ፣ ከነጋዴ ቤት የወጣው አብዱልፈታህ ድራም ያዙ። አልአዛርን ከቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ ቡድን ከነትራምፔቱ አመጡት። በሲዳምኛና በአማርኛ ዘፈኑ። ባጃጆች ሌላ ዘፈን መክፈት እስኪተዉ ድረስ ከተማው የእነሱ ሆነ። ወላይታ ሶዶ ጠራቸው፣ አርባ ምንጭ ጠራቸው፣ አዲስ አበባ ጠራቸው።

ከዚያ ዲላ ላይ ሁሉም ነገር ፈረሰ። ያቤጽ ዘፈን አቋርጦ፣ የማይኩን ማቆሚያ አንስቶ፣ ትራምፔቱ አልአዛር አፍ ላይ እንዳለ በብረቱ መታው። ትራምፔቱ ወደ ጥርሱ ገባ። ሕዝቡ የትርዒቱ አካል መስሎት ጥቂት አጨበጨበ፤ ደሙን ሲያይ ዝም አለ። ያቤጽ ምክንያቱን ለማንም ሳይናገር ታሰረ፤ ባንዱም ተበተነ። ሮሆቦት ቀለበቷን መለሰችለት። ከዓመት በኋላ ኩማን አገባች።

አሁን፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ጉማሬ ሊመለስ ነበር። በዚህ ቀን አምስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሊለማመዱ ቀጠሮ ይዘው ነበር።

«አፉን ያየ ሰው ማን እንደገደለው ይጠይቃል?» አለ ካሳሁን።

«እኔ እጠይቃለሁ» አለች ደብሪቱ።

ከመጋዘኑ ጎን ወይዘሮ ሂሩት የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። ገና ሳትጠየቅ የሰማችውን መናገር ጀመረች።

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትራምፔት ሲነፋ ሰማሁ። አልአዛር ታርቆ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ምን አውቄ!»

«ትራምፔት ብቻ ነው የሰማሽው?»

«መጀመሪያ እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ከዚያ ትራምፔቱ። አንድ ነገር ነው የሚነፋው። ያቆማል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ያንኑ፤ እንጨቱም ጭምር። ልምምድ እንዲህ ይሆን ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

«ጩኸት፣ ጠብ?»

«የለም። ከሰዓት ጠብ አልሰማሁም። ጠዋት እንኳ ቤት አልነበርኩም፤ ቱላ ገበያ ነበርኩ።»

ደብሪቱ አመሰገነቻትና ይህን ለሌላ ሰው እንዳትነግር ለመነቻት። ሂሩት ዓይኗን ሰበረች። ለመንደሩ ሁሉ ነግራለች።

ወሬው ያመጣውን ደብሪቱ በማግስቱ ጠዋት ታቦር ዳገት ላይ አየችው። የአልአዛር ቤት በር ተገንጥሏል። የባንዱ ወዳጆች ነን የሚሉ ጎረምሶች ሰውየውን ግቢው መሃል አውጥተው በርግጫና በዱላ ይቀጠቅጡታል። አንዱ ድንጋይ ከራሱ በላይ አንስቷል።

«አፉን በለው! አፉን!» ይላል ከኋላ ያለው።

ካሳሁን ወደ ሰማይ ተኮሰ። ድንጋዩን የያዘውን ደብሪቱ ራሷ ክንዱን ጠምዝዛ አስጣለችው። ሌሎቹ በአጥሩ ዘለው ወረዱ። አልአዛር አንድ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ጆሮው ደም እያንጠባጠበ ተነስቶ ተቀመጠ። የጎድን አጥንቱን ይዞ መተንፈስ አቃተው።

ጆሮውን በውሃ እየጠረገችለት ጠየቀችው።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ቤቴ። ብቻዬን።»

«ጠዋትስ?»

«ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሳስተምር ነበር። እስከ ምሳ ድረስ።»

«ልምምዱ ላይ ለምን አልሄድክም?»

«ልሄድ ስነሳ ሞተ ብለው ደወሉልኝ። ኢንስፔክተር፣ ያቤጽን ይቅር ብዬዋለሁ። ከጥቂት ሳምንት በፊት እዚህ ግቢ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ‹ከሮሆቦት ጋር ትሄዳለህ ብለው ነግረውኝ ነው የመታሁህ› አለኝ። እኔ እሷን እንደ እህቴ ነው የማያት። ውሸት መሆኑን ዘግይቶ ደርሶበታል።»

«ማን ነው የነገረው?»

«ጠየቅኩት፤ ስሙን አልነገረኝም። ‹ሰውየው ራሱ በአምስታችን ፊት ይናገር። ዕድል እሰጠዋለሁ፤ እምቢ ካለ እኔ እናገራለሁ› አለኝ።»

ደብሪቱ መጥረጉን ተወችው። ሰው ለመግደል የሚያበቃ ምክንያት ገና አሁን ሰማች።

«ትራምፔትህ የት አለ?»

አልጋው ሥር ነበር። አቧራ ጠጥቷል። አልአዛር አውጥቶ ያዘውና ወደ አፉ አላስጠጋውም።

«የላይኛው ከንፈሬ ነርቩ ተቆርጧል፤ አይሰማኝም። ጥርሱን ተክለውልኛል፣ ከንፈሩን ግን ምን ያደርጉታል? ከዲላ በኋላ አንድ ድምፅ አውጥቼ አላውቅም። ያቤጽ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለሌሎቹ አልነገርኩም፤ ድኜ እየነፋሁ ነው የሚመስላቸው። ዜማውን እኔ ልጽፍ፣ ሌላ ልጅ ሊነፋ ነበር ያሰብነው። ትናንት ነበር ለሁሉም ልንነግር።»

«ዝም የማለትህ ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«ካልነፋሁ ማን ነኝ? ትራምፔት ስነፋ ነው ሰው ስሜን የያዘው።»

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ካሳሁን ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ሂሩት የሰማችው ማንን ነው?»

«ጥያቄው እሱ ነው» አለች ደብሪቱ። «አሁን ከሆስፒታሉ ሐኪም ጋር አገናኘኝ።»

ሐኪሙ ያላትን ሰምታ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ አብዱልፈታህን ሱቁ ድረስ ሄዳ አገኘችው። በሜትር ጨርቅ ይለካ ነበር።

«ባለፈው ቀን ያቤጽን ገፍትረኸው ነበር ይባላል።»

«ገፍትሬዋለሁ። ‹ከመካከላችን አንዱ የሚናገረው አለው፤ ከተናገረም በኋላ ላይቆይ ይችላል› አለ። እኔን ሊያባርር መሰለኝ። ሱቅ ከፍተህ ሙዚቃውን ከዳኸው ብሎኝ ያውቅ ነበር።» ሜትሩን አስቀመጠ። «ያ እጄ እስክሞት ይጸጽተኛል።»

«ትናንት ጠዋትስ?»

«ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። ይቺ ሰፈር ምስክሬ ናት። ከምሳ በኋላ ኩማ መጥቶ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ።»

ሮሆቦት የምትሠራው ባንክ ውስጥ ነው። ዓይኗ አብጧል፤ ግን ሥራ ገብታለች። ቤት መዋል ፈርታለች። ትናንት ጠዋት ሙሉ ገንዘብ ከፋይ መስኮት ላይ ነበረች፤ ከሰዓት ልጇን ለማምጣት ቀድማ ወጥታለች።

«ያቤጽ ዲላ ላይ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ነግሮሽ ያውቃል?»

«አንድም ቀን። እኔም አልጠየቅኩም። ያንን ያደረገ እጅ ሌላ ጊዜ እኔን አይምርም ብዬ ሸሸሁ።» ዝቅ ብላ ጨመረች። «ኩማ ነው ያን ጊዜ ያነሳኝ። ደግ ሰው ነው።»

«ኩማ ትናንት ጠዋት የት ነበር?»

«ቤት፤ ጊታሩን ሲያዘጋጅ።» ጥያቄው የት እንደሚሄድ ገና አልገባትም። «ጊታሩን መቼ ትመልሱለታላችሁ? ቀብሩ ላይ ልጫወት እያለ ሌሊቱን አላስተኛኝም።»

ደብሪቱ ደረጃውን ስትወርድ ካሳሁን ተከተላት። «ለእኔም ዛሬ ማለዳ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ጠይቆኛል» አለ። «ደጋግሞ።»

«ሁሉንም መጋዘኑ ጥራልኝ።»

ከቀትር በኋላ አራቱም ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል፤ እድፉ ወለሉ ላይ አለ። ሮሆቦት ከኩማ አጠገብ ቆመች። አብዱልፈታህ ከድራሙ ጀርባ፣ በድሮ ቦታው፣ ሳያስበው ተቀመጠ። አልአዛር በካሳሁን ተደግፎ ገባ፤ ሮሆቦት ፊቱን አይታ እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«ይህን ሰው ለምን ከእኛ ጋር ታስቀምጡታላችሁ?» አለ ኩማ በለሰለሰ ድምፅ። «ሚስቴ ፊቱን ማየት አትችልም።»

«ትችላለች» አለች ደብሪቱ። «አልአዛር፣ ንፋ።»

አልአዛር ትራምፔቱን አነሳ። ከንፈሩን አስጠጋ። ደረቱን አስጨንቆ ነፋ። የወጣው ትንፋሽና ምራቅ ነበር፤ ከተተለተለው ከንፈሩም ደም። ሁለተኛ ሞከረ። አሁንም የለም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ኩማ ብቻ ዓይኑን ከትራምፔቱ መንቀል አቃተው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከዲላ ወዲህ እንዲህ ነው» አለች ደብሪቱ። «ሂሩት ግን ትናንት ትራምፔት ሰምታለች፤ አትዋሽም። ከመካከላችሁ ከአልአዛር ሌላ የሚነፋ የለም። ትራምፔቱም እዚህ ክፍል አልገባም፤ አልጋ ሥር አቧራ ለብሶ ነው ያገኘሁት። እንግዲህ የተሰማው ትራምፔት አልነበረም፤ የትራምፔት ቅጂ ነው። ከፊቱ አራት ጊዜ እንጨት ተመቷል። አብዱልፈታህ፣ ያ ምንድን ነው?»

«ዘፈን ስናስጀምር በዱላዬ የምቆጥረው ነው» አለ ድራመሩ ቀስ ብሎ። «የድሮ ልምምዳችንን ስንቀዳ ይገባል።»

«አንድ ሰው ትራምፔት እየነፋ በዱላ መቁጠር አይችልም። ድምፁ ደግሞ ይቆማል፣ ያርፋል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰው እንዲህ አይለማመድም። እንዲህ የሚያደርግ ሁላችሁም ቤት አለ፤ ጠዋት የሚቀሰቅሳችሁ የስልክ አላርም። ካላጠፉት ደጋግሞ ይጮኻል። ስልኩ በዚህ ቀጭን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ እኛ ስንመጣ መብራቱ በርቶ፣ ገመዱ ባዶ ነበር።»

አብዱልፈታህ ከወንበሩ ተነሳ። «ያቤጽ ያን ጊዜ…»

«ያን ጊዜ ሞቶ ነበር። ሰዓቱን ሐኪም ባይነግረኝም፣ ቅጂውን ለዘጠኝ ሰዓት ያዘጋጀ ሰው ቀድሞ፣ ጠዋት ገድሎታል። ሐኪሙ ያረጋገጠልኝ ጥርሱ የረገፈው ልቡ ከቆመ በኋላ መሆኑን ነው። ድዱ አልደማም፤ አፉ ላይ ያለው ከብረቱ የተለቀለቀ የጭንቅላቱ ደም ነው። በንዴት የሚበቀል ሰው ጠላቱ እያየው አፉን ይመታዋል። ይህ ግን ከገደለ በኋላ ቆም ብሎ አሰበ። የአልአዛር በቀል እንዲመስል ጥርሱን ሰበረ፤ ትራምፔቱንም አስጮኸ። አልአዛር መንፋት እንደማይችል አያውቅም ነበርና።»

«ይህንንማ ማናችንም አናውቅም ነበር» አለ ኩማ።

«ልክ ነው፤ ይህ ብቻውን ከሦስታችሁ አንዱን አይለይም። ለዚህ ነው ከዘጠኝ ሰዓቱ ይልቅ ጠዋቱን የጠየቅኩት። አልአዛር ከመዘምራን ጋር ነበር። አብዱልፈታህ ሱቁ፣ ሮሆቦት መስኮቷ ላይ። አንተ ብቻ ነህ ቤት ብቻህን የዋልከው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ምስክር አስቀምጠህ ሐይቁ ዳር ነበርክ።»

«ይህ ምንም አያስረዳም።»

«አያስረዳም። ስልኩ ግን ከክፍሉ መውጣት ነበረበት። ከሬሳው ጋር ብቻውን የቀረው ማን ነው? አብዱልፈታህን ፖሊስ ጥራ ብለህ ላክኸው። ኪሳችሁ እንደሚፈተሽ ገምተሃል። ስለዚህ ቅርብ ያገኘኸው ውስጥ ከተትከው፤ ከዚያ ወዲህ ጊታሬን ስጡኝ ማለት አልተውክም።»

ደብሪቱ ለካሳሁን ምልክት ሰጠችው። ካሳሁን የኩማን ጥቁር የጊታር ቦርሳ ዚፕ ከፈተ። ከጎኑ ኪስ፣ በጊታር መወልወያ ጨርቅ የተጠቀለለ ባለቁልፍ አሮጌ ስልክ ወጣ። አላርሙን ፈልጎ ነካው።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ከዚያ ትራምፔቱ፣ ጥርት ብሎ፣ ወጣትና ኩሩ።

አልአዛር በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ካሳሁን አጠፋው።

ሮሆቦት ከባሏ ትንሽ ራቅ አለች። «ለምን?» አለችው።



«ያቤጽ ሊናገር የነበረው ስላንቺ ነው» አለች ደብሪቱ። «ዲላ ላይ ያቤጽ የመታው አንቺና አልአዛር ትሄዳላችሁ ተብሎ ስለተነገረው ነው። የነገረው ሰው በሁላችሁ ፊት ራሱ እንዲናገር ትናንት ጠዋት እዚህ ጠራው።»

«አንተ ነህ ያልከው?» ሮሆቦት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ኩማ፣ እኔ ነኝ የምጠይቅህ።»

«አታዪኝም ነበር» አለ ኩማ። «ስንት ዓመት አጠገብሽ ቆሜ ስጫወት፣ ዓይንሽ እሱ ላይ ነው። ይጣላሉ ብዬ እንጂ ይመታዋል አላልኩም። ከዚያ መጣሽልኝ። ልጅ ወለድን። ትናንት እግሩን ይዤ ለመንኩት፤ ተወኝ፣ ቤቴን አታፍርስ አልኩት። ‹ንገራት› ይላል። ሌላ ቃል የለውም፤ ‹ንገራት› ብቻ። ዞር ሲል ብረቱ እጄ ገባ።»

ይህን ብሎ ያጎነበሰ መሰለ። ቀና ሲል ጊታሩን ከቦርሳው መንጭቆ አውጥቶ በአንገቱ ጨብጦታል። በሙሉ ኃይሉ ወደ አልአዛር ራስ ሰነዘረ። አብዱልፈታህ ድራሙን ገልብጦ መሃል ገባ፤ እንጨቱ ክንዱ ላይ ተሰበረ፣ አጥንቱም ሲሰበር ተሰማ። ኩማ በተረፈው ስባሪ ሁለተኛ ሊመታ ሲል ካሳሁን ወገቡን ይዞ በግንባሩ ደፋው። ካቴናው እስኪገባለት ድረስ እየተራገጠ የሚስቱን ስም ይጠራ ነበር። ሮሆቦት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

አልአዛር እያነከሰ ሄዶ አብዱልፈታህ አጠገብ ተቀመጠ። የተሰበረውን ክንድ ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አሳረፈለት።

ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ሮሆቦት ሰዓቷን አየች።

«የልጄ ትምህርት ቤት ሊለቀቅ ነው» አለች። «በባጃጅ ብሄድ ከተማው ከእኔ ቀድሞ ይነግራታል። ያደርሱኛል?»

ደብሪቱ ራሷ ነዳች። መንገድ ላይ ሮሆቦት አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች።

«የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። ያቤጽም ሰምቶ አልጠየቀኝም። አንድ ቃል ቢጠይቀኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።»

ደብሪቱ ማርሽ ቀይራ ወደ ትምህርት ቤቱ ታጠፈች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጆች ቆመዋል። አንዳንዶቹ ስልካቸውን እያዩ ያንሾካሹካሉ፤ ሮሆቦት ስትወርድ ዝም አሉ። በመሃላቸው አለፈች። ትንሿ ልጇ ቦርሳዋን እየጎተተች ወጣችና እናቷን ስታይ ከኋላዋ ሌላ ሰው ፈለገች።

«አባባስ?»

ሮሆቦት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አስፋልቱ ላይ፣ በሥራ ልብሷ። የልጅቱን ሁለት እጆች ያዘች። ደብሪቱ ከመኪናው ውስጥ ቃሉን አልሰማችም፤ የሮሆቦት ከንፈር ግን ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ቀስ እያለ፣ ሳያቋርጥ። ልጅቱ መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ አቅፋት እንኳ መናገሯን አላቆመችም፤ እስከ መጨረሻው ነገረቻት።